በቃል ያለ ይረሳል፦ የሱቅ ሒሳብን ከዓመት እስከ ዓመት በሥርዓት ስለመያዝ

በዛሬው ዓምዳችን ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ስለ ደብተርና ስለ እስክሪብቶ ነው። ነገሩ የተማሪ ቢመስልም የተማሪ ብቻ አይደለም። በካኩማ ሱቅ ከፍታችሁ ለምትሠሩ፣ እንጀራ ጋግራችሁ ለምታከፋፍሉ፣ ቡና አፍልታችሁ ለምትሸጡ፣ ልብስ ለምትሰፉና ስልክ ለምትጠግኑ ሁሉ የሚሆን ነው።

እንደሚታወቀው የካኩማ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም ንግድ ይስፋፋበታል ብሎ ያሰበ ሰው እምብዛም አልነበረም። ዛሬ ግን በካኩማ 1 ያለውን የኢትዮጵያውያን ገበያ ያላየ እንግዳ ካኩማን አየሁ ማለት አይችልም። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በካኩማ ከ2,000 በላይ ሱቆችና ንግዶች እንዳሉና መጠለያውና ከተማው አንድ ላይ በዓመት ወደ 5.8 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ የሚገመት ገበያ እንደሆኑ ገልጿል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚዞረው በአብዛኛው በትንንሽ ሰዎች እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 የሆነውንም ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ዓመት የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት ራሽኑን በእጅጉ ቀነሰ። በጃንዋሪ ወር ደግሞ አሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን አገደች። ጉዞ ሲጠብቅ የነበረ ቤተሰብ ሻንጣውን ፈትቶ ተቀመጠ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትንሽ ሱቅ ያለው ቤተሰብ ተስፋው እዚያ ሱቅ ላይ ነው። ሱቁ ከተዘጋ ምድጃውም ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሱቃችን እያበላን ነው ወይስ እኛ ሱቁን እየበላነው ነው? መልሱን የሚነግረን መሳቢያው ሳይሆን ደብተሩ ነው።

ሱቅ እንዴት ይበላል?

«ኧረ እኔ በየቀኑ እሸጣለሁ፤ መሳቢያዬም ባዶ ሆኖ አያውቅም» የሚል ብዙ ነው። መሳቢያ ውስጥ ብር መኖሩ ግን ትርፍ መኖሩን አያሳይም። ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው።

ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ሱቅ አለ እንበል። በወሩ መጀመሪያ በመደርደሪያው ላይ የ18,000 ሽልንግ ዕቃ ነበረው። በወሩ ውስጥ የ62,000 ሽልንግ ዕቃ ገዛ። በወሩ መጨረሻ ሲቆጠር የ15,000 ሽልንግ ዕቃ ተገኘ። ስለዚህ 18,000 ሲደመር 62,000፣ ሲቀነስ 15,000፣ የ65,000 ሽልንግ ዕቃ ተሸጧል ማለት ነው። ዕቃው ሁልጊዜ የሚቆጠረው በተገዛበት ዋጋ ነው፤ በሚሸጥበት አይደለም።

ያ ዕቃ የተሸጠው በ84,000 ሽልንግ ነው። ከዚህ ላይ የዕቃው ዋጋ 65,000 ሲቀነስ 19,000 ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ወሩ ጥሩ ነበር» ይላል። ገና ነው! የሱቅ ኪራይ 4,000፣ የጄኔሬተር መብራት 2,500፣ ማጓጓዣ 3,000፣ የረዳት ደመወዝ 5,000፣ የስልክና የኤም-ፔሳ ክፍያ 500፣ በድምሩ 15,000 ይወጣል። የተጣራው ትርፍ 4,000 ሽልንግ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቤት እንግባ። በዚያው ወር ቤተሰቡ ከመሳቢያው ለምግብ፣ ለልጆች ደብተር፣ ለለቅሶና ለመሳሰለው በጥቂት በጥቂቱ 9,000 ሽልንግ ወስዷል። ትርፉ 4,000፣ የተወሰደው 9,000። ልዩነቱ 5,000 ሽልንግ ከየት መጣ? ከሱቁ ሥጋ ነው የተቆረጠው። 3,000ው ከመደርደሪያው የጎደለው ዕቃ ነው። 2,000ው ደግሞ ወይ ከጥሬ ገንዘቡ ጎድሏል፣ ወይም በጅምላ ነጋዴው ዘንድ ዕዳ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ አካሄድ 30,000 ሽልንግ መነሻ ያለው ሱቅ በስድስት ወር ውስጥ ያልቃል። ሌባ አልገባበትም፤ እሳትም አልነካውም። ባለቤቱ «ቡዳ በላው» ቢልም የበላው ያልተጻፈው 9,000 ነው።

መፍትሔውም ከዚያው ይገኛል። ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ። በወር ይህን ያህል ብላችሁ ወስኑና ከዚያ በላይ ስትወስዱ «ለቤት» ብላችሁ ጻፉት። ልጅ ከመደርደሪያ የሚያነሳው ብስኩትና ለቤት የሚሄደው አንድ ኪሎ ስኳርም ይጻፋል። የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተበላ ይቆጠራል፣ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ደብተርና አንድ ፖስታ

ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ሦስት የተማሪ ደብተር ይበቃል። አንደኛው የየቀኑ ገቢና ወጪ፣ ሁለተኛው የዱቤ፣ ሦስተኛው የዕቃ ግዢና ቆጠራ ነው። ከእነዚህ ጋር በየወሩ አንድ ፖስታ፣ በዓመት 12 ፖስታ አዘጋጁና የግዢ ደረሰኞችን በየወራቸው አስገቡ።

ስለ ደረሰኝ አንድ ነገር ልብ በሉ። በማሽን የሚታተመው ለስላሳ ደረሰኝ ሙቀት ሲነካው ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ የካኩማን ሙቀት ደግሞ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ እንደተቀበላችሁ ቀኑን፣ የሻጩን ስምና ጠቅላላ ዋጋውን በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ ጻፉ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ራሳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አስፈርሙት።

የቀኑ ደብተር እንዴት ይሞላል? ጥሩ ገበያ የነበረበትን አንድ ቀን እንይ። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በመሳቢያ 1,200 ሽልንግ ነበር። በጥሬ ገንዘብ 3,400 ተሸጠ። የቆየ ዱቤ 400 ተመለሰ። ድምሩ 5,000 ሆነ። ከዚያ ለጅምላ ነጋዴ 2,000፣ ለቦዳ ቦዳ 300፣ ለውሃ 50፣ ለቤት 500 ወጣ፤ በድምሩ 2,850። ስለዚህ ማታ በመሳቢያው መገኘት ያለበት 2,150 ሽልንግ ነው። በዚያው ቀን በኤም-ፔሳ 900፣ በዱቤ ደግሞ 650 ተሽጧል። እነዚህ ሽያጭ ናቸው፤ መሳቢያ ውስጥ ግን አይገኙምና በየራሳቸው መስመር ይጻፋሉ።

ማታ ሲቆጠር 2,100 ተገኘ እንበል። 50 ጎድሏል። ሰው ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን አስተካክሎ 2,150 ብሎ መጻፍ ይቀለዋል። አታድርጉት! «50 ጎደለ» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ቀን 50 ቢጎድል የመልስ ስህተት ሊሆን ይችላል። ረዳቱ ብቻውን በሚውልበት ቀን ሁሉ 50 የሚጎድል ከሆነ ግን ደብተሩ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ደግሞም ሰውን በጥርጣሬ ከመክሰስ ያድናል፤ ያለ ማስረጃ የተከሰሰ ረዳት እኮ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

ዱቤ

«ዱቤ የለም» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ጎረቤት ልጇን ታቅፋ ስትመጣ ግን ማን ይጨክናል? በመጠለያ ውስጥ ከዱቤ ውጭ መሸጥ አይቻልም፤ ራሽን እስኪመጣ፣ ደመወዝ እስኪከፈል፣ ከውጭ ዘመድ እስኪልክ ሰው በዱቤ ይኖራል። ችግሩ ዱቤው ሳይሆን በካርቶን ቁራጭና በሲጋራ ፓኮ ላይ መጻፉ ነው።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ስጡ። ቀን፣ የወሰደው ዕቃ፣ ዋጋው፣ የከፈለው፣ የቀረበት። በወሰደ ቁጥር በደንበኛው ፊት ጻፉና ይፈርም፤ መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን ያትም። ይህ አለመተማመን አይደለም። እንዲያውም ደንበኛውንም ካልበላው ዕዳ ይጠብቀዋል። ለእያንዳንዱ ሰው ጣሪያ አብጁለት፦ «እስከ 1,500 ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ያለው ይከፈል» ብላችሁ ከጅምሩ በሰላም ተነጋገሩ።

በየወሩ መጨረሻ የዱቤውን ጠቅላላ ድምር አውጡ። ሦስት ወር ያለፈውን ለብቻ ዘርዝሩ። በመጠለያ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ካሎቤየይ ይዛወራል፣ ወደ ናይሮቢ ይሄዳል፣ አንዳንዱም አገሩ ይመለሳል። የቆየ ዱቤ በእጅ እንዳለ ገንዘብ አይቆጠርም። በሌላ በኩል እናንተም በጅምላ ነጋዴው ደብተር ላይ ባለ ዱቤ ናችሁ። የእናንተን ዕዳ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፤ በእሱ ደብተር ብቻ አትተማመኑ። በየወሩም ሁለቱን አስተያዩ።

በስልክ ያለው ገንዘብ

ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ ከተጀመረ ወዲህ የብዙዎቻችን ባንክ ስልካችን ሆኗል። ችግሩ አንዱ ስልክ ሁሉንም ተሸክሞ መዋሉ ነው። የደንበኛ ክፍያ ይገባበታል፣ ከአሜሪካ ወይም ከሳዑዲ የመጣ የዘመድ ገንዘብም በመጨረሻ እዚያው ይደርሳል፣ የልጅ ትምህርት ክፍያ ይወጣበታል። ወር ሲያልቅ የትኛው የሱቁ እንደሆነ ማን ይለያል? የሚቻላችሁ ለሱቁ ብቻ የሚሆን መስመር ወይም የሊፓ ና ኤም-ፔሳ የመሸጫ ቁጥር አውጡ። ካልተቻለ ማታ ማታ መልእክቶቹን እያያችሁ የሱቁን ብቻ ወደ ደብተር ገልብጡ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ መልእክቱም ይጠፋል።

እህት ወይም ወንድም የላከላችሁ 10,000 ሽልንግ ሱቁ ውስጥ ቢገባ ሽያጭ አይደለም። «ከባለቤት የገባ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ይህ ካልተደረገ ሱቁ የሚያተርፍ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የሚያቆመው በባዕድ አገር የምትደክመው እህት ላብ ነው። እሷም ብትሆን የላከችው ምን ላይ እንደዋለ በቁጥር ብታየው ደስ ይላታል።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀንም እናንሳ። የስልኩ መልእክት 7፡15 PM የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1፡15 ነው። ቀኑም የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ኪራይ፣ ፈቃድና ግብር የሚሄዱት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ደብተሩ ላይ የአውሮፓውን ቀን በዋናነት፣ የእኛን ከጎኑ ብትጽፉ ግራ መጋባት አይኖርም።

ዕቁብና ፍሪጅ

በዕቁብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በየሳምንቱ የሚጣለው የዕቁብ ገንዘብ የሱቁ ወጪ አይደለም፤ ቁጠባ ነው። ዕጣው ሲወጣም የደረሰን ገንዘብ ትርፍ አይደለም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የደረሰው ሰው ገና ሌሎቹ እስኪደርሳቸው የሚከፍለው ዕዳ አለበት። ስለዚህ ለዕቁብ አንድ ገጽ ለይታችሁ፣ የጣላችሁትንና የወሰዳችሁትን ጻፉ። «ዕቁብ ወጣልኝ» ብሎ ሰርግ የደገሰ ነጋዴ በኋላ መጣያ ሲያጣ ያሳዝናል።

እንዲሁም ፍሪጅ፣ የስፌት መኪና ወይም ምጣድ ሲገዛ የአንድ ወር ወጪ አድርጎ መቁጠር ያሳስታል። በ36,000 ሽልንግ የተገዛ ፍሪጅ ሦስት ዓመት ያገለግላል ብለን ብንገምት በየወሩ 1,000 ሽልንግ ያልቃል ማለት ነው። ይህን 1,000 በየወሩ ለብቻ ያስቀመጠ ሰው ፍሪጁ ሲበላሽ ብድር አይለምንም።

ዋጋ ስታወጡ

ደብተር ያለው ሰው ዋጋ ሲያወጣ ጎረቤቱን ብቻ አያይም። በምሳሌ፦ 50 ኪሎ ስኳር በ7,000 ተገዛ፤ ማጓጓዣው 300 ነው። ድምሩ 7,300፣ በኪሎ 146 ሽልንግ ይደርሳል። በ150 ቢሸጥ በኪሎ 4 ሽልንግ የሚያተርፍ ይመስላል። ነገር ግን ሲመዘን፣ ሲፈስና ጉንዳን ሲበላው አንድ ኪሎ ቢጎድል የሚሸጠው 49 ኪሎ ነው፤ 49 ኪሎ በ150 ሲሸጥ 7,350 ይሆናል። የጆንያው ሙሉ ትርፍ 50 ሽልንግ! የፌስታሉ ዋጋ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ስኳሩ ደንበኛ የሚጠራ ዕቃ ከሆነ በዚህ ዋጋ መሸጥ ይቻል ይሆናል፤ ግን አውቃችሁ ይሁን።

ዓመቱን ሙሉ

ብዙዎቻችን ደብተር የምንጀምረው በእንቁጣጣሽ ወይም በጃንዋሪ ነው፤ በሁለተኛው ወር እንተወዋለን። የዓመቱን ሒሳብ በአንድ ሌሊት ለማስታወስ መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው። ሥራውን እንዲህ ከፋፍሉት። በየማታው አሥር ደቂቃ፦ ገቢና ወጪ ጻፉ፣ መሳቢያ ቁጠሩ። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት፦ የዱቤ ገጾችን እዩ፣ የስልኩን ገንዘብ ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። በየወሩ መጨረሻ አንድ ምሽት፦ ዕቃ ቁጠሩ፣ ትርፉን አስሉ፣ ለቤት የወሰዳችሁትን ደምሩ። በየሦስት ወሩ ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሦስቱን ወራት ጎን ለጎን እዩ።

ዓመት የሞላው ደብተር የሚናገረው ብዙ ነው። በዐቢይ ጾም የትኛው ዕቃ እንደሚቆም፣ በረመዳን ምሽት ምን እንደሚፈለግ፣ ለፋሲካና ለዒድ ስንት ዘይት እንደሚያልቅ፣ በጃንዋሪ ትምህርት ሲከፈት ደብተርና እስክሪብቶ ስንት እንደሚሸጥ ያሳያል። ዝናብ ዘንቦ የደረቁ ወንዞች ሲሞሉና ከሎድዋር የሚመጣው መኪና ሲዘገይ አምና በስንተኛው ቀን ዕቃ እንዳለቀባችሁም ታያላችሁ። ዘንድሮ ቀድማችሁ ትዘጋጃላችሁ።

መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶችስ? የቤቱ ተማሪ ልጅ ይጻፍ፤ መቁጠሩን ግን ባለቤቷ ራሷ ታድርገው። ለዱቄት ጆንያ፣ ለዘይት ጠርሙስ እየሣሉ በጭረት መቁጠርም ይቻላል። በሳምንት አንድ ቀን የደብተሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ፤ ሱቅ ቢቃጠል ወይም ጎርፍ ቢገባ ዱቤው አብሮ አይቃጠልም፣ አብሮም አይሄድም።

ደብተር የሚመሰክርበት ቀን

ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ሱቅ ይከፍታሉ። አንደኛው የመሄጃው ቀን ደርሶ «ድርሻዬን ስጠኝ» ሲል ያኔ ነገር ይነሳል። ማን ስንት አዋጣ? ማን ስንት ወሰደ? ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ቢውሉም ያልተጻፈውን ማውጣት አይችሉም። ያዋጣችሁትን፣ የትርፍ አከፋፈላችሁንና አንዱ ሲወጣ የሚደረገውን ከመጀመሪያው ጽፋችሁ በምስክር ፈርሙ። ከዚህም የከፋ አለ። አባወራ ድንገት ሲያርፍ የሐዘኑ ድንኳን ሳይነሳ «ዕዳ ነበረበት» የሚል ይመጣል፤ «እኔ ዕዳ አለብኝ» ብሎ የሚመጣ ግን ጥቂት ነው። ሚስት ደብተሩ የት እንዳለና እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ አለባት።

በመንግሥት በኩልም ነገሮች ተለውጠዋል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውና ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሠርቶና ነግዶ መኖር እንደሚችል ይገልጻል። መብት ሲመጣ ግዴታም አብሮ ይመጣል። ከካውንቲው የሚሰጠውን የንግድ ፈቃድ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ለብቻው አስቀምጡ። ግብርን በተመለከተ፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ1 ሚሊዮን እስከ 25 ሚሊዮን ሽልንግ ለሆነ ንግዶች የተደነገገው የሽያጭ ግብር ከጁላይ 1 ቀን 2023 ወዲህ 3 በመቶ ሲሆን፣ የሚሰላውም ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። ከላይ ያየነው ሱቅ በወር 84,000 ሲሸጥ በዓመት 1,008,000 ይደርሳል፤ ከወሰኑ የሚያልፈው በ8,000 ሽልንግ ብቻ ነው። ደብተር የሌለው ሰው ከወሰኑ በላይ ይሁን በታች በምን ያውቃል? የእናንተ ንግድ የሚመለከተው መሆን አለመሆኑን ደብተራችሁን ይዛችሁ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ብድር ስትጠይቁም እንደዚሁ ነው። አበዳሪ የሚጠይቀው «ስንት ትሸጣለህ?» ብቻ አይደለም፤ «አሳየኝ» ይላል።

ውድ አንባብያን፣ አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ ቤት፣ ከብትና ሱቅ ጥለን፣ አንድም ወረቀት ሳንይዝ ነው የወጣነው። ከባዶ ተነስተን ያቆምነውን ይህን ትንሽ ነገር በእጃችን እያለ ሳናውቀው እንዳይልቅ እንጠብቀው። ደብተሩን ለመጀመር እንቁጣጣሽን መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ሱቁን ስትዘጉ መሳቢያውን ቁጠሩ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ከሥሩም ያገኛችሁትን ቁጥር አስፍሩ። የነገው ከዚያ ይቀጥላል።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ! ቸር እንሰንብት።